ዳሪዋ ማን ነው?

እህቴ በሩን በእግሯ ከፍታ ገባች። እጆቿ ባዶ ነበሩ፤ በእግሯ የከፈተችው ስለተናደደች ብቻ ነው።

"ሊድሯት ነው!" አለች። "ልጄን ሊድሩብኝ ነው!"

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ! አንተን አይደል የምጠይቅህ። ዳሪዋ ማን ነው?"

የተቀመጥኩት ማታ የሚወሰድ ፍራሽ ላይ ነበር። እህቴ ፍራሽ ታድሳለች። ያረጀውን ትተረትራለች፣ የደደረውን ጥጥ አውጥታ ትባዝታለች፣ መልሳ በባለመስመር ጨርቅ ሸፍና በረጅም መርፌ ትወጋጋዋለች። የፊተኛው ክፍላችን መሥሪያዋ ነው። ከውጭ አገር ተመልሼ እሷ ዘንድ ካረፍኩ ወዲህ እኔም የምተኛው በሰው ፍራሽ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ እነሳለሁ፣ ሌላ ሲመጣ እተኛለሁ። "የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ የትም ይዘረጋል" ትላለች ደንበኞቿን ስታስቅ።

"ረጋ ብለሽ ንገሪኝ እትዬ። ትምህርት ቤት አልነበር እንዴ የሄድሽው?"

"እዚያው ነው የሰማሁት! ከራሱ ከኮሚቴው አፍ!"

ኮሚቴው ማለት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው። ብቻውን የወሰነውን ሁሉ "ኮሚቴው ወስኗል" ስለሚል ተማሪዎች ያወጡለት ስም ነው፤ አሁን ወላጁም መምህሩም ከኋላው የሚጠራው በዚሁ ነው።

የሄደችበትን ጉዳይ አውቃለሁ። ልጇን ቤት ውስጥ ቆቅ እንላታለን፤ ገና በጨቅላነቷ ኮሽ ባለ ቁጥር ዓይኗን ስለምትገልጥ። ቆቅ ስምንተኛን የጨረሰችው ከትምህርት ቤቱ አራተኛ ወጥታ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሁለት ምድብ አለው። አንዱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ነው፤ መስኮቱ ሙሉ መስታወት፣ ሒሳቡንና ፊዚክሱን የሚያስተምሩት አንጋፋዎቹ፣ ቤተ ሙከራ የሚገባውም እሱ ብቻ። ሌላው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ የፊዚክስ መምህር የሚመጣ ቀን ልጆቹ ያጨበጭቡለታል አሉ። የመጀመሪያውን "ሳሎን"፣ ሁለተኛውን "ጓዳ" ነው የሚሉት። ትምህርት ሲከፈት ስም ተጠራ፤ ቆቅ ጓዳ ሆነች። ለእኛ ትንፍሽ አላለችም። የሰማነው ከሌላ ልጅ ነው።

"ምን አለሽ? ቃሉን እንዳለው ንገሪኝ።"

"እንዳለው? 'ልጅሽ በማርክ ችግር የለባትም' አለኝ። እሺ አልኩ። 'ጠባይዋም ደኅና ነው' አለኝ። እሺ አልኩ። 'ችግሩ ዳሪዋ ነው' አይለኝም! ዳሪዋ ለዚያ ክፍል አይመጥንም። የምን ዳሪ? የአሥራ አራት ዓመት ልጅ! ማን ነው ዳሪዋ ስለው ደግሞ 'ያው ቤታችሁ ነዋ፣ አባትየው፣ አንቺ' ይለኛል። አባትየው! ገባህ? ያ ሰውዬ ጥሎን መሄዱ አንሶት፣ ካለበት ተደብቆ ልጄን ለማንም ሊሰጥብኝ ነው። ኮሚቴው ሰምቷል። ለምትዳር ልጅ ፊዚክስ ምን ያደርግላታል ብሎ ነው ጓዳ የወረወራት!"

ከፍራሹ ላይ ተነሳሁ። "ዳሪዋ ነው ወይስ ዳራዋ ያለሽ?"

"ምን ለየው?"

ብዙ ለየው። ቃሉን ወደዚያ ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ኮሚቴው ለመምህራኑ የግማሽ ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ጠይቆኝ ነበር። ውጭ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ የተማሪ ቤት ከውጤቱ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ። የአባት ሥራ፣ የእናት ትምህርት፣ የሚጠናበት ቦታ፣ መብራቱ፣ የልጁ የራሱ ጠባይ። ፊታቸው ስቆም ግን ሌላ ነገር አስፈራኝ፤ "ይሄም ተመላሽ ቋንቋ ቀላቅሎ ሊኮራብን ነው" መባል። ስለዚህ አንድም የባዕድ ቃል ላልናገር ለራሴ ቃል ገባሁ። "የቤት ሁኔታ" ብል ዘበኛው ሳይቀር ይገባው ነበር። እሱን ትቼ ከመጽሐፍ ውስጥ "ዳራ" የሚል ጨዋ ቃል ጎትቼ አወጣሁ፤ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ የማይናገረውን። መምህራኑ ወደዱት። ኮሚቴው ደግሞ ከሁሉም አብልጦ። ሻይ ስንጠጣ "ዳራ፣ ዳራ" እያለ በአፉ ሲያገላብጠው ነበር፤ እኔም፣ ምን ይዋሻል፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

"ማንም አይድራትም" አልኳት እህቴን፣ ጫማዬን እየፈለግሁ። "ተሳስተሽ ነው የሰማሽው።"

"ጆሮዬ ደኅና ነው!"

"እመለሳለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ።"

ለእህቴ "ለማንም እንዳትናገሪ" ማለት "ቶሎ ንገሪ" ማለት መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከበሩ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ውስጥ ከልጁ ጋር ይኖራል።

"ዳይሬክተሩ አሉ?"

"ስብሰባ ላይ ናቸው ጋሼ።"

"ከማን ጋር?"

"እሱን እንጃ። የገቡት ብቻቸውን ነው።"

አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝና እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። የመጣሁበትን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። "የእኔም ልጅ ጓዳ ነው። የእኔስ ይሁን፤ ማርኩም የለ። የእናንተዋ ልጅ ግን ያሳዝናል" አለ። ስለ ሌላ ሰው ልጅ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ልጁን በምሳ እረፍት አየሁት፤ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ከክፍሏ ሮጦ ወጥቶ ትልቁን በር በሙሉ ክብደቱ ገፋው፣ መኪናው ሲገባ መልሶ ዘጋው፣ ተመልሶ ገባ። በእጁ እርሳስ እንደያዘ ነበር።

ኮሚቴው ከብቸኛ ስብሰባው ሲወጣ ከሰዓት ሆኗል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"ዶክተር! ይግቡ፣ ይግቡ።" ዶክተር አይደለሁም፤ ነግሬዋለሁ፤ አይሰማም። "እርስዎን ሳስብ ነበር። የሥልጠናዎን ፍሬ አዩት? በሥራ ላይ አዋልነው እኮ!"

"ምኑን?"

"ዳራውን ነዋ! በየዓመቱ በማርክ ብቻ ስንመድብ ኖርን። ምን ሆነ? ጎበዝ ነች ብለን አስገብተን፣ ዓመቱ ሳይጋመስ እናቷ ታመመች ብላ ትቀራለች። አባቱ ሥራ ለወጠ ብሎ አገር ይቀይራል። ወንበሩ ባዶ ይቀራል፣ ውጤታችን ይወርዳል፣ ከበላይ የሚጠየቀው ማን ነው? እኔ። እርስዎ ግን ዓይናችንን ከፈቱልን። ልጁን አትይ፣ ከጀርባው ያለውን እይ።"

"እንደዚያ አላልኩም።"

"ብለዋል እንጂ። የእናት ትምህርት ከልጅ ውጤት ጋር ይያያዛል አላሉም?"

"በብዙ ሺህ ልጅ ላይ፣ በአማካይ! ስለ አንዲት ልጅ ምንም አይናገርም። ደግሞ ያልኩት እኮ ቤቱ የከበደበትን ልጅ ትምህርት ቤቱ አብዝቶ ይርዳው ለማለት ነው። ቤቱ የከበደበትን አብራችሁ ርገጡት አላልኩም!"

"እሱን ሰዓት አልቆ በጥድፊያ ነበር የተናገሩት" አለ፤ የምሩን ነበር። "ደግሞ መርዳት በምን አቅም? አራት ጎበዝ መምህር ነው ያለኝ። አራቱን የማያፈስ እንስራ ውስጥ ባስቀምጣቸው ምን ክፋት አለው?"

ጠረጴዛውን ልገለብጠው ፈለግሁ። እኔ የሰው ጠረጴዛ የምገለብጥ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ "የእህቴ ልጅ አራተኛ ነው የወጣችው" ብቻ አልኩ፤ ድምፄ ልመና ሆኖ ወጣብኝ። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

መልስ ሳይሰጠኝ ከበሩ በኩል ጩኸት ተሰማ። ዘበኛው ሮጦ መጣ።

"ጌታዬ፣ ወላጆች መጥተዋል።"

"ስንት ናቸው?"

"ኧረ ብዙ ናቸው። ልጆቻችንን ትምህርት ቤቱ ሊድርብን ነው ይላሉ።"

ኮሚቴው እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

አዳራሹ ተከፈተ። ፊት ለፊት እህቴ ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ላይ ጥጥ እንደተንጠለጠለ። አጠገቧ ገበያ መግቢያው ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን አለች፤ ልጇ ከትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ወጥቶ እሱም ጓዳ ነው የደረሰው። ከኋላቸው ልብስ ሰፊው፣ ግንበኛው፣ የሰው ቤት የምትሠራው፣ ፊታቸውን ብቻ የማውቃቸው ብዙ ወላጆች። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተንጠላጥለዋል፤ ከመካከላቸው ቆቅን አየኋት፤ እያፈረች ነበር።

"ክቡራን ወላጆች—" ብሎ ጀመረ ኮሚቴው።

"ክብሩን ተወውና ሙሽራውን አምጣ!" አለች ባለሽንኩርቷ። "የእሷ እሺ ሴት ልጅ ነች። የእኔን ወንዱን ለማን ነው የምትድሩት?"

አዳራሹ በሳቅና በጩኸት ተናወጠ። ልብስ ሰፊው ተነሳና "እኔንም 'የልጅህ ዳሪ ደካማ ነው' ብለውኛል። እኔ ነኝ ዳሪው? ድግስ እንኳ አልደገስኩ!" አለ።

ኮሚቴው እጁን እያወናጨፈ "ዳሪ አላልኩም! ዳራ! ዳራ ነው ያልኩት!" አለ። "ዳራ!" ባለ ቁጥር ጩኸቱ ጨመረ። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። "ዶክተር፣ ቃሉ የእርስዎ ነው። ያስረዷቸው።"

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል። ቆምኩ።

"ዳራ ማለት ከመዳር ጋር አይገናኝም" አልኩ። "ማንም ልጅ አይዳርም። ዳራ ማለት ከልጁ ጀርባ ያለው ነገር ነው።"

"ከጀርባው ምን አለ?" አለ ግንበኛው።

"ቤቱ። እናትና አባቱ። ሥራቸው ምንድን ነው፣ ተምረዋል ወይ፣ ቤቱ ጠባብ ነው ወይ።"

ባለሽንኩርቷ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ እየለቀመች ተናገረች።

"ቆይ። ችግሩ ዳራው ነው ማለት፣ ልጄ ሳይሆን ችግሩ እኔ ነኝ ማለት ነው?"

"እንደዚያ ነው የመደቡት።"

"ሽንኩርት ስለምሸጥ?"

"አዎ።"

"ይሄማ መዳሩ በስንት ጣዕሙ!" ብላ ተነሳች። "ቢድሩት ምራት አገኝ ነበር! ስማ አንተ ሰውዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ሽንኩርት እየገዛህ ነው የምትበላው። ሆድህ ሲገባ ዳራው ደኅና ነበር?"

አሁን ማንም አልሳቀም። ግንበኛው "ይህንን አዳራሽ የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። የሰው ቤት የምትሠራዋ አለቀሰች። ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ሳይነሳ የማይጻፍ ስድብ ተሳደበ። ስህተቱ ላይ እያሉ ተቆጥተው ነበር፤ እውነቱ ሲገባቸው ግን ቁጣቸው ሌላ ሆነ፤ የሚያስፈራ፣ ዝቅ ያለ፣ ጥርስ ውስጥ ያለ።

እህቴ እስካሁን አልተናገረችም። ተነሳችና ወደ መድረኩ ሄደች።

"እኔ ደግሞ ልንገርህ" አለችው። "ልጄ የምታጠናው በሰው ፍራሽ ላይ ተኝታ ነው። ጥጡ አፍንጫዋ እየገባ፣ እያስነጠሳት። እያስነጠሳት አራተኛ ወጣች! አንተ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስንተኛ ወጣ የአንተ ልጅ?"

የኮሚቴው ልጅ ሳሎን ነው። ስንተኛ እንደወጣ መስኮቱ ላይ ያሉት ልጆች በኅብረት ነገሯት። ሃያኛም አልደረሰም።

ኮሚቴው የደነገጠ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ በጣም የምትጮኸውን ዝም ሊያሰኝ ሞከረ። "የአንቺ ጉዳይ እኮ የተለየ ነው" አላት፣ ድምፁን አለስልሶ። "ወንድምሽ ምሁር መሆኑን ስንመድብ አላወቅንም። ቤት ውስጥ የተማረ ሰው ካለ ዳራው ተሻሻለ ማለት ነው። ልጅሽ ከነገ ጀምሮ አንደኛው ምድብ ትግባ። ኮሚቴው ወስኗል።"

"መቼ? አሁን ቆሞ?" አለ አንዱ ከኋላ።

እህቴ ወደ መቀመጫዋ ስትመለስ ፊቷን አየሁት። የመጣችበትን አግኝታለች። ማንም ሊፈርድባት አይችልም፤ እኔ ግን ፈረድኩባት።

ባለሽንኩርቷ አልተቀመጠችም። ወደ እኔ ዞረች፣ ዓይኗን አጥብባ።

"አንተ ልጅ፣ ልጄ ምን ብሎ ነው የሚጠራህ?"

ሰፈር ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ከቆቅ ሰምቶ የሚጠራኝ በአንድ ስም ነው። "አጎቴ ነው የሚለኝ" አልኩ።

"ሰማችሁ? አጎቱ ነው! የእኔም ልጅ ዳራ ተሻሽሏል!"

"እኔ የምለው የሥጋ ዘመድ ነው እንጂ—" አለ ኮሚቴው።

"ሥጋውን ማን መዘነው?"

"የእኔም ልጅ አጎቴ ነው የሚለው!" አለ ልብስ ሰፊው። "የእኔም!" "የእኔዋ እንዲያውም 'አጎትዬ' ነው የምትለው፤ ከእህቱ ልጅ ትበልጣለች!" ሁሉም ተነሳ። ዘመዶቼ በአንድ ጊዜ በዙ።

ኮሚቴው ጠረጴዛውን መታ። "ዶክተር! እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እውነቱን ይናገሩ። የዚህች ሴት ልጅ የእህትዎ ልጅ ነው?"

እህቴ ከተቀመጠችበት ሆና ራሷን ወደ ግራና ቀኝ፣ በጣም በትንሹ፣ ነቀነቀች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። አንዷን አትርፍ፤ ሁሉን አድናለሁ ስትል አንዷም ትሄዳለች።

"አዎ" አልኩ። "እህቴ ናት።"

"የእኔስ?" አለ ግንበኛው።

"አዎ።"

"የእኔስ?" "አዎ።" "የእኔስ?" "አዎ።" ከበሩ በኩል ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊቀልድ ይሁን የምሩን ሳይታወቅ፣ ዘበኛው "የእኔስ ጋሼ?" አለ።

"ያንተም አጎቱ ነኝ።"

"ኧረ በሞትኩት ስንት እህት አለህ?" አለች እህቴ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። "ለአንዷ አጎት መሆን አቅቶህ ነው?"

ኮሚቴው ፊቱ ጠቆረ። "እንግዲያው በቃ!" ብሎ ጮኸ። "ዳራ ቀረ! እንደ ድሮው በማርክ! ብዙ ማርክ ያመጣ ይገባል፣ ያላመጣ አይገባም። አለቀ። ቀልድ አላውቅም!"

ጭብጨባ ሆነ። እልልም ተሰማ። ባለሽንኩርቷ እህቴን አቀፈቻት፤ ሁለተኛና አራተኛ፣ ሁለቱም ገቡ። የልብስ ሰፊውም ልጅ ገባ። የገቡላቸው እየተሳሳቁ ነጠላቸውንና ቦርሳቸውን ሰበሰቡ። ቆቅ መስኮቱ ላይ አልነበረችም፤ ለጓደኞቿ ልትነግር ሮጣለች።

የቀሩትም ነበሩ። ግንበኛው። የሰው ቤት የምትሠራዋ። ሌሎችም፣ የማርክ ነገር ሲነሳ ወለሉን ያዩት። ዘበኛው ለራሱ የሚያወራ ያህል "እንግዲህ የእኔ ጓዳ ነው" አለ፣ የበሩን መዝጊያ እያስተካከለ። ቅሬታ እንኳ አልነበረበትም።

ያቺ ድምፅ ናት ያበሸቀችኝ።

"ማርኩስ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?" አልኩ። የሚወጡት ቆሙ። "ዓመታት የተማርኩት ይህንን ነው፤ በሥልጠናውም ያልኩት ይህንን ነው። ማታ መብራት ያለውና የሌለው ልጅ እኩል ማርክ አያመጡም። የዚህ ሰው ልጅ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር እርሳሱን ይዞ በር ሊከፍት ይሮጣል። ለማን? ለትምህርት ቤቱ መኪና! ከዚያ 'ማርክህ ትንሽ ነው' ብለው ጓዳ ያስገቡታል። በፊት በር ያስወጣችሁትን ዳራ በጓሮ በር መልሳችሁ አስገባችሁት እኮ!"

"በዳራ ስንል ትቆጣላችሁ፣ በማርክ ስንል ትቆጣላችሁ!" አለ ኮሚቴው። "በምን ልመድብ? በቁመት?"

"አይመድቡ! ይቀላቅሏቸው። አራቱ መምህራን ሁለቱም ክፍል ይግቡ። ቤተ ሙከራው ለሁለቱም ይከፈት።"

"ጥሩው ይበላሻል።"

"ለማን ጥሩ?"

እህቴ ክንዴን ያዘች። የመርፌ ጣቶቿ ጠንካራ ናቸው። "ዝም በል" አለች በሹክሹክታ። "ገብታለች እኮ። በእናታችን ዝም በል። ና እንሂድ።"

"እትዬ፣ የእሱ ልጅስ?"

"ቢቀላቅሉና ቆቅ ጓዳ ብትደርስስ?"

"ያኔ ጓዳ መሆኑ ይቀራል።"

"እስኪቀር ድረስስ? እስኪቀር ድረስ እዚያ የምትቀመጠው አንተ ነህ ወይስ እሷ?"

እውነቷን ነው፤ እኔ ያልኩትም እውነት ነው፤ ሁለቱ እውነት አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው መቆም አልቻሉም። ከቦታዬ አልነቃነቅ ስል ክንዴን ለቀቀችው፤ ገፋችው ማለት ይሻላል።

"አንተ እኮ የመጣልህን መቀበል አይሆንልህም" አለች። "ከሄድክበትም እንዲሁ ሳይሆንልህ ነው የመጣኸው። እኔ ልጄን አስገብቻለሁ። እራት አልጠብቅህም፤ ፍራሹም ማታ ይወሰዳል፤ የት እንደምትተኛ አጎታቸው የሆንክላቸውን ጠይቃቸው!"

ወጣች። ባለሽንኩርቷ በሩ ላይ ትንሽ አመነታች፣ እኔን አየች፣ ዘበኛውን አየች፣ ከዚያ "ልጄ ይጠብቀኛል" ብላ እሷም ተከተለቻት። ግማሹ አዳራሽ ባዶ ሆነ። የቀረነው ተበታትነን የተቀመጥን ጥቂት ሰዎች ነን፤ ማንም ማንንም አያይም።

ኮሚቴው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። "ስብሰባው አልቋል" አለና ወደ ዘበኛው ዞረ። "አዳራሹን ቆልፍ።"

ዘበኛው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ኮሚቴውን አየው። ከዚያ በሩን ለቆ በመሐል መተላለፊያው እየተራመደ መጣና ከፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ፣ ወላጆች ከሚቀመጡበት፣ ተቀመጠ። ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አደረገው።

"አልሰማህም?" አለ ኮሚቴው።

"ሰምቻለሁ ጌታዬ። እኔም ወላጅ ነኝ።"

"ሥራህን ታጣለህ!"

"የምንኖርባትን ክፍልም አጣለሁ፤ አውቃለሁ።" ከወንበሩ ግን አልተነሳም። ግንበኛው ከኋላ ተነስቶ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። የሰው ቤት የምትሠራዋም መጣች።

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ አየሁት፤ በኮሚቴው ይሁን በእኔ አላውቅም።

"ቀጥል" አለኝ። "አጎቱ ነኝ ብለሃል። ስለ መብራቱ ያልከውን ድገመው፤ እሳቸው መለሱልህ እንጂ አልሰሙህም።"

ኮሚቴው በሩ ጋ ቆሟል፤ አይወጣም፣ አይቀመጥም። ተነሳሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ እየጮኽኩ።